ስምንት ጥቁር ኳሶች

ጋሽ ቶርኖ ይሉታል። ስሙ አይደለም። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤትና ሚስቱ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆን ካልተናደደች በቀር አትጠራበትም። ከድንጋይ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ሕንፃ ሥር፣ ሰባት ደረጃ ተወርዶ በሚገኝ ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቶርኖ ማሽን የእንጨት ኳስ ሲያወጣ ኖሯል። ኳሶቹ አቶሞች ናቸው። እንግዲህ አስተማሪዎቹ አቶም ናቸው ይላሉ፤ እሱም ከተማረ ሰው ጋር መሟገት ስለማይወድ እሺ ይላል። ኳሱን ያወጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ በሞርሳ ጠፍሮ ይበሳል፣ ይቀባል፣ ከዚያ በቀጭን የብረት ዘንግ እርስ በርስ ያያይዛል። ተማሪው የአንድ ድንጋይ ውስጥ ምን እንደሚመስል በዓይኑ አይቶ፣ በጣቱ ነክቶ እንዲገባው ነው።

ኳስ ማውጣቱን ማንም ይችለዋል። የእሱ ሙያ ቀዳዳው ነው። አራት ቀዳዳ ያለው ኳስ አራት ጎረቤት አለው፤ ስድስት ያለው ስድስት። አንዷ ቀዳዳ ለዓይን በማይታይ መጠን እንኳ ዘመም ካለች ሞዴሉ ሲገጣጠም ወገቡ ይጣመማል፣ ያኔ የሃያ ቀን ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። «በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ኳስ አላግባብ በስቼ አላውቅም» ይላል። ትንሽ ማጋነኑ አይቀርም፤ ግን የሚሰሙት ሁሉ አንገታቸውን ነቅንቀው ያልፉታል፤ ብዙም አልዋሸማ።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስምንት ኳስ በአንድ ጊዜ ያበላሸው።

ነገሩ የመጣው ከዶክተሯ ነው። ዶክተሯ ስለ ክሪስታል የምታስተምር፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን የምትፈልግ ደግ ሴት ናት። ከወር በፊት ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ሞዴል እፈልጋለሁ፤ ሁለቱም የስፒኔል ቤተሰብ ናቸው» አለችው። አንደኛው ራሱ ስፒኔል የሚባለው፣ ቀላ ያለ የጌጥ ድንጋይ ነው። ሁለተኛው መርፌና ምስማር የሚስበው ጥቁሩ ድንጋይ፣ ማግኔታይት ነው።

«ቤተሰብ ከሆኑ አንዱን ሠርቼ ሌላውን ቀለም ብቻ ብቀይርለትስ?» አላት።

«ወረቀቱን ያንብቡት እንጂ!» ብላው የተጠቀለለውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጥላ፣ መልሳ እየሮጠች ወጣች። ክፍል ረፍዶባት ነበር። መች ሳይረፍድባት ቀርቶ ያውቃል?

የመጀመሪያው ሞዴል ራሱ ራስ የሚያዞር ነበር። ብርቱካን ሻጭ ብርቱካኑን ሲከምር አይታችሁ እንደሆነ፣ ኦክስጅን የሚባሉት ነጫጭ ኳሶች የሚደረደሩት እንደዚያ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ናቸው። በብርቱካን መሃል ደግሞ ክፍተት አይጠፋም። አራት ብርቱካን የሚከበው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ስድስት የሚከበው ሰፋ ይላል። ወረቀቱ ከጠባቦቹ ስምንቱ ላይ ማግኒዥየም፣ ከሰፊዎቹ አሥራ ስድስቱ ላይ አሉሚኒየም አስቀምጥ ይላል። ጋሽ ቶርኖ ስምንት ቢጫ ኳስ ባለ አራት ቀዳዳ፣ አሥራ ስድስት ግራጫ ኳስ ባለ ስድስት ቀዳዳ አዘጋጅቶ ገጣጠመ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ክፍተቶቹን ቆጠራቸው። ማን ቁጠር አለው? ጠባቦቹ ስልሳ አራት፣ ሰፊዎቹ ሠላሳ ሁለት ሆኑበት። ስለዚህ ሃምሳ ስድስት ጠባብና አሥራ ስድስት ሰፊ ቦታ ባዶውን ቀርቷል።

«ሰው ቤት አጣሁ ብሎ በሚንከራተትበት ዘመን!» አለ ለራሱ። ሰባቱን ደረጃ ወጥቶ ዶክተሯን ጠየቃት።

«ባዶዎቹ ባዶ ናቸው፣ ጋሼ። ተፈጥሮ ሁሉንም አትሞላም።»

«ለምን?»

«ከሞላችውማ ሌላ ነገር ይሆናል።»

መልሱ አልገባውም፤ ግን የሚያምር መልስ ስለነበረ እንደገባው ሰው ራሱን ነቅንቆ ወረደ።

ሁለተኛውን ሲጀምር ልቡ ሙሉ ነበር። የወረቀቱ የፊት ገጽ እንዲህ ይላል፦ ነጭ ሠላሳ ሁለት፣ ጥቁር ብረት ስምንት፣ ቀይ ብረት አሥራ ስድስት። ያው ቁጥር ነው! አሥራ ስድስቶቹ በሰፊው ከገቡ፣ ስምንቶቹ በጠባቡ መግባታቸው ምን ያጠያይቃል? ስምንቱን ጥቁሮች በአንድ ጠዋት ባለ አራት ቀዳዳ አድርጎ በሳቸውና ቀለማቸውን ቀባ። ቀዩ ምን ዓይነት ቀይ እንደሆነ ለማየት ወረቀቱን ሲገለብጠው ከጀርባው ሌላ ጽሑፍ አገኘ። «ጥቁሮቹ ስምንቱም በሰፊው ቦታ ይቀመጣሉ። ከቀዮቹ ስምንቱ በጠባቡ፣ የቀሩት ስምንቱ ከጥቁሮቹ ጋር ተደባልቀው በሰፊው። በእነዚህ በተደባለቁት መካከል ቅደም ተከተል የለም።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን ጠርጎ አራተኛ አነበበው። የአራቱና የስድስቱ ቀዳዳ አቅጣጫ ስለሚለያይ የተበሳውን መልሶ መብሳት አይሆንም፤ ኳሱ ወንፊት ሆኖ ይቀራል። ግን ያስደነገጠው የኳሱ መበላሸት አልነበረም። ወረቀቱን መጀመሪያ ቀን ገልብጦት እንደነበር ወይም እንዳልነበር ማስታወስ አቃተው። አንዴ በደንብ ያነበበው ይመስለዋል፤ አንዴ ደግሞ ዓይቶት የማያውቅ።

ይህ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ለጋሽ ቶርኖ ግን ትልቅ ነገር ነው። ቤቱ ውስጥ የሚኖር አንድ ታላቅ ወንድም አለው፤ ወንድም ጋሼ ይለዋል። ወንድም ጋሼ አርባ ዓመት በፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ የኖረ፣ እጁ ከዓይኑ የሚቀድም ሰው ነበር። በስልሳ ሦስት ዓመቱ የአንድ ሰፈር ደብዳቤ እንዳለ የሌላ ሰፈር ሳጥን ውስጥ ከተተ። ሰው እንዳያውቅበት ደብዳቤዎቹን ካፖርቱ ውስጥ ይዞ ወደ ቤት መጣ። በዓመቱ የቤቱ መንገድ ጠፋው። ዛሬ ማን ቤት እንዳለ እንኳ አያውቅም፤ ጨዋ ሰው ስለሆነ ብቻ ባለቤቶቹን እያመሰገነ ይኖራል።

ጋሽ ቶርኖ አሁን ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው።

ስምንቱን ጥቁር ኳሶች ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገቡ በአሮጌ ካልሲ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው፤ መሳቢያ ውስጥ ሸሸጋቸው። ወንድሙ ያደረገውን እያደረገ መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። «እስከ ሰኞ» አለ በሆዱ። «እስከ ሰኞ ሞዴሉን አሟልቼ ከሠራሁ ጤነኛ ነኝ። ካልሠራሁ የወርክሾፑን ቁልፍ አስረክቤ ቤቴ እቀመጣለሁ፤ ከዚያም ለሚስቴ እነግራታለሁ።» ለሚስቱ መንገሩ ከቁልፉ ይልቅ ከብዶት ነበር።

አዳዲስ ኳስ ማውጣቱ በሁለት ቀን አለቀ። እጁ እንደ ድሮው ታዘዘለት። ስምንቱን ቀዮች በጠባቡ ቦታ ሰካ፤ ልክክ ብለው ገቡ። የቀሩት ስምንት ቀይና ስምንት ጥቁር በአሥራ ስድስቱ ሰፊ ቦታ መደባለቅ ብቻ ነበር የቀረው። ጉዱ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

ጋሽ ቶርኖ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ቁጥር የሌለው ኳስ ሰክቶ አያውቅም። መጀመሪያ ቦታዎቹን በእርሳስ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ይቆጥራል፤ ከዚያ በየቁጥሩ የታዘዘውን ያስገባል። አሁን አንድ ቁጥር ላይ ማን ይግባ? ወረቀቱ አይናገርም። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር አድርጎ ሞከረ፤ አየውና «ይሄማ ቅደም ተከተል ነው» ብሎ ነቀለው። ሁለት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር አደረገ፤ እሱም ያው። እዚህም እዚያም ብሎ በተነው፤ ራቅ ብሎ ሲያየው ቀዮቹ ሰያፍ መስመር ሠርተዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረ፤ ጣቱ ሳያስበው ቀዩን ከጥቁሩ ይለየው ጀመር፤ የሁለቱ ቀለም ልስላሴ አንድ አልነበረማ። ሐሙስ እንዲሁ ዋለ፤ ዓርብም እንዲሁ። ምሳውን ረስቶ ሞዴሉን እየዞረ፣ «አንተ እዚህ ለምን ሆንክ? አንተስ?» እያለ ኳሶቹን ሲያፋጥጥ ዋለ። ምክንያት የሌለው አቀማመጥ በእጁም በአእምሮውም አልመጣልህ አለው። ግራ ገብቶት ግራ መጋባቱ ራሱ ግራ አጋባው።

ዓርብ ሊወጣ ሲል ግን አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት። መደባለቅ ያቃተው ሰው እንዴት አእምሮው ተደባልቋል ይባላል? ሥርዓት አልለቅህ ያለው ሰው ጤነኛ ነው እንጂ! በዚህ እጅግ ተጽናና፤ እየተራመደም ፈገግ አለ።

ቅዳሜ ሕንፃው ዝግ ስለሆነ የሚደባለቁትን አሥራ ስድስት ኳሶች በካርቶን ወደ ቤት አምጥቷቸው ነበር። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሰው መጋረጃ ትሰፋለች። ካርቶኑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዘረገፈው።

«አንቺ፣ እስቲ ዓይንሽን ጨፍነሽ አንድ አንድ አንሺልኝ» አላት።

«ምን ላደርገው?»

«ዝም ብለሽ አንሺ። ዕጣ እንደማውጣት ቁጠሪው።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ ምን ነካህ ሰሞኑን? ሄደህ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፤ ጠረጴዛዬን ቀለም በቀለም አደረግከው።»

እጁን ታጥቦ፣ ፎጣ ፈልጎ አጥቶ በሱሪው ጠርጎ ሲመለስ ወንድም ጋሼ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ጀርባው ቀጥ ብሏል። ዓይኑ ግድግዳውን ያያል፤ እጆቹ ብቻ ይሠራሉ። ኳስ ያነሳል፣ በአውራ ጣቱ ቀዳዳውን ይዳስሳል፣ ያስቀምጣል። አንዴም አያመነታም። ቀዮቹን ባለ ስድስት ቀዳዳዎች በአንድ ወገን፣ ጥቁሮቹን ባለ ስድስት ቀዳዳዎች በሌላ ወገን ደርድሯቸዋል። በሦስተኛ ወገን ደግሞ ሌሎች ስምንት ጥቁሮች ተሰልፈዋል፤ አጠገባቸው አሮጌው ካልሲ ተዘርግቷል። ወንድም ጋሼ የራሱን ካልሲ ሲፈልግ የወንድሙን መሳቢያ ከፍቶ ኖሯል።

«እነዚህ አድራሻ የላቸውም፣ ጌታዬ» አለ ወንድም ጋሼ፣ ወንድሙን ቀና ብሎ እያየ። ድምፁ የድሮው የመሥሪያ ቤት ድምፅ ነበር። «ወደ ላኪው መመለስ አለባቸው።»

ጋሽ ቶርኖ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ትናንት ያጽናናው ሐሳብ ሁሉ እንደ ጉም በነነ። ሥርዓቱማ ይኸው! ሰውየው የገዛ ወንድሙን አያውቅም፤ እጁ ግን እንደ ሰዓት ትሠራለች። ታዲያ የእኔ እጅ ሥርዓት አልለቅም ማለቷ ምን ይመሰክርልኛል?

ሚስቱ መርፌዋን እንደያዘች መጥታ ቆማለች። ካልሲውን አየች፣ ኳሶቹን አየች፣ እሱን አየች።

«ካልሲ ውስጥ ነበሩ?» አለችው።

«አዎ።»

«ለምን ካልሲ ውስጥ?»

«እንዳይጠፉ ብዬ ነው» አላት። ውሸት አይሆንለትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። እሷም ካልሲውን አንስታ አጠፈችው፣ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። የዕጣው ነገርም በዚያው ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ካርቶኑን ወርክሾፑ መልሶ፣ የወርክሾፑን ቁልፍ በአንድ ኪሱ፣ ስምንቱን ኳሶች በሌላ ኪሱ ይዞ ዶክተሯ ቢሮ ገባ። ሁሉንም ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረላት።

«አልጨረስኩም» አላት። «እነዚህን ደግሞ አበላሽቻለሁ። ወረቀቱን አንብቤው ይሁን ሳላነበው አላውቅም። ጭንቅላቴ ከድቶኛል መሰለኝ፣ ዶክተር። ቁልፉን ይረከቡኝ።»

ዶክተሯ አንዱን ኳስ አንስታ ቀዳዳዎቹን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ የፌዝ ሳቅ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ምን እንደሠሩ ያውቃሉ? ይህን ድንጋይ መጀመሪያ በራጅ ያጠኑት ታላላቅ ሰዎች ሁሉ እንዲሁ ነው ያስቀመጡት። ስምንቱን በጠባቡ፣ አሥራ ስድስቱን በሰፊው፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ድንጋይ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው ሌሎች የተገላበጠ መሆኑን ያወቁት።»

«እነሱም ተሳስተው ነበር?»

«እርስዎ እንደተሳሳቱት። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ አቀማመጡም አንድ ይመስላል። ማስጠንቀቂያውን ከፊት መጻፍ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«መደባለቁስ? ሁለት ቀን ሙሉ ሞክሬ አልተደባለቁልኝም። የትኛው ቀይ የት እንደሚገባ ይንገሩኝና ልገላገል።»

«እሱን ማንም አያውቀውም።»

«እርስዎም?»

«እኔም። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ ቀይ ያልነው ሦስት ኤሌክትሮን የጎደለው፣ ጥቁር ያልነው ሁለት የጎደለው ነው። ሰፊው ቦታ ላይ ያሉት ደግሞ ኤሌክትሮናቸውን ይቀባበላሉ። አሁን ቀይ የነበረው ዓይንዎን ሳያርገበግቡ ጥቁር ይሆናል።»

«ታዲያ እኔ ምን ልቀባ?»

«ቁጥሩ ስምንት ለስምንት ይሁን እንጂ እንደ እጅዎ ያድርጉት። ዕጣ ይጣሉ። አምስት ጥቁር አንድ ጥግ ላይ ቢከማችም እንዳይነኩት። ቁልፍዎን ደግሞ ያንሱልኝ።»

ወርክሾፑ ወርዶ ወረቀት ቆራርጦ ዕጣ ጣለ። እውነትም አራት ጥቁር አንድ ጥግ ላይ ተከማቸ፤ ለማስተካከል እጁ ሲበላው ዋለ፣ አልነካቸውም። ስድስት ሰዓት ላይ ሞዴሉ አለቀ። እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ በሳቅና በዕንባ መሃል ሆኖ ቶርኖውን ቸብ ቸብ አደረገው። ታላላቅ ሰዎች የተሳሳቱትን ነው የተሳሳትኩት! እንደ ጤነኛ ሰው ነው የተሳሳትኩት!

ወደ ቤት ሲሄድ ግን መሃል መንገድ ላይ እርምጃው ቀዘቀዘ። ዶክተሯ ነጻ ያወጣችው ኳሶቹን ነው። ወረቀቱን ገልብጦ ይሁን ሳይገለብጥ አሁንም አያውቅም፤ ያንን እሷ ልትነግረው አትችልም። ይህን ሐሳብ ገፍትሮ ጣለውና ቤቱ ገባ።

ለሚስቱ ሁሉንም ዘረገፈላት። ኳሶቹን፣ ካልሲውን፣ የሳምንቱን ፍርሃት፣ ታላላቆቹን ሰዎች። እየሳቀ ነገራት። እሷ አልሳቀችም። መጋረጃውን ከጭኗ ላይ አውርዳ እጥፍ አደረገችው።

«እኔም የምነግርህ አለኝ» አለችው። «ቅዳሜ አንተ ከተኛህ በኋላ ለልጃችን ደወልኩላት። ለረቡዕ ቀጠሮ ይዛለች፤ ወንድም ጋሼን የሚያየው ሐኪም ዘንድ።»

«ወንድም ጋሼ ባሰበት እንዴ?»

«ላንተ ነው።»

ከጓዳ በኩል ወንድም ጋሼ ማንኪያና ሹካ ሲለይ ይሰማል።

«በኳሶቹ ምክንያት ከሆነ አሁን ነገርኩሽ እኮ…»

«በኳሶቹ ብቻ አይደለም። ባለፈው ወር ለልጃችን በአንድ ቀን ሁለቴ ደውለህ ያንኑ ወሬ አወራሃት። እንዳትደነግጥ ብላ እንደ አዲስ ሰማችህ።»

«ሁለቴ?»

«ሁለቴ።»

አንዱን ስልክ ያስታውሳል። ሁለተኛውን ፈለገው፣ ፈለገው፣ አጣው። ቦታው ባዶ ነው። ባዶ መሆን ያለበት ባዶ ይሁን፣ አንድ ነገር ተቀምጦበት የወጣበት ባዶ ይሁን፣ መለየት አልቻለም። ፈራ። እንደ ልጅ ፈራ፤ እጇንም ያዘ።

«ዛሬ እንዲህ ደስ ብሎህ ሳይህ ሆዴ ባባ» አለችው። «ከፈለግህ ልሰርዘው። ልሰርዘው?»

ሰርዢው ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«አትሰርዢው» አላት። «አብረሽኝ ትገቢያለሽ ግን? ውስጥ ድረስ?»

«ውስጥ ድረስ።»

«እንግዲያው የተሳሳትኩትን ሁሉ አንቺ ንገሪው። እኔ ከጠየቀኝ አሳንሼ ነው የምነግረው።»